አሮጌው ፊያት 124 ስፓይደር ወይስ አዲሱ? ከአዲስ አበባ ዙሪያ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ፊያት 124 ስፓይደር፣ ጣሪያው ስለሚከፈተው የስፖርት መኪና፣ ከሱሉልታ፣ ከሰበታ፣ ከለገጣፎና ከቱሉ ዲምቱ አካባቢ ደጋግመው የሚመጡ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ተነሥተው ወደ ከባዱ ይሄዳሉ።

ስማቸው አንድ ነው። መኪኖቹስ ይዛመዳሉ?

በስም እንጂ በብረት አይዛመዱም። አሮጌው 124 ስፖርት ስፓይደር እ.ኤ.አ. በ1966 በቱሪን የመኪና ትርኢት ላይ ታየ። ቅርጹን ያወጣው በፒኒንፋሪና ቤት ይሠራ የነበረው ቶም ቻርዳ ነው። ሞተሩን የነደፈው ደግሞ ቀደም ሲል የፌራሪ መሐንዲስ የነበረው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው። በ1438 ሲሲ ጀምሮ ቀስ በቀስ እያደገ በመጨረሻ 1995 ሲሲ ደረሰ፤ ምርቱም እስከ 1985 ዘለቀ።

አዲሱ እ.ኤ.አ. በ2016 ለገበያ የቀረበ ሲሆን የተሠራው ጣሊያን ሳይሆን ጃፓን፣ ሂሮሺማ በሚገኘው የማዝዳ ፋብሪካ ነው። ሻንሲው፣ እግሩና የውስጥ ዕቃው በአብዛኛው የማዝዳ ኤምኤክስ-5 ነው፤ የውጭ ላሜራውና ሞተሩ ግን የፊያት ነው፤ ሞተሩ 1368 ሲሲ ባለ ቱርቦ መልቲኤር (የመግቢያ ቫልቮቹን በዘይት ግፊት የሚከፍት) ነው። ስለዚህ ለአዲሱ መለዋወጫ ሲፈልጉ መጀመሪያ መለየት ያለበት ክፍሉ የማዝዳ ነው ወይስ የፊያት የሚለው ነው። “የፊያት የፍሬን ሸራ” ብሎ የጠየቀ ሰው ቀኑን ሙሉ ሶማሌ ተራ ሲዞር ሊውል ይችላል፤ የሚፈልገው ዕቃ ግን የኤምኤክስ-5 ነው።

የትኛው ይፈጥናል?

አዲሱ፣ ያለ ጥርጥር። በወረቀት ላይ የመጀመሪያው 1438 ሲሲ 90 የፈረስ ጉልበት ይዞ እስከ 170 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄዳል። ለአውሮፓ ገበያ የተሠራው አዲሱ 140 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ከዜሮ እስከ 100 በ7.5 ሰከንድ ይደርሳል፣ ጫፉም 215 ነው። በክብደት ረገድ አሮጌው በ100 ኪሎ ገደማ ይቀላል፤ አንዱ 950፣ ሌላው 1,050 ኪሎ አካባቢ ናቸው።

ይህ ሁሉ ግን በባሕር ጠለል የተለካ ነው። እኛ ያለንበት ቦታ ልዩነቱን ያሰፋዋል፤ ምክንያቱን ከታች እናየዋለን። ደስታ በፍጥነት ብቻ ይለካል ለሚል ሰው ምርጫው እዚህ ላይ አብቅቷል። አሮጌው የሚወደደው ግን በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነትም መንገዱን በመሪው በኩል እጅ ላይ ስለሚያደርስ ነው፤ ይህን አዲሱ በዚያው ልክ አይሰጥም።

ከሰበታ መሀል ከተማ በየቀኑ እመላለሳለሁ። ለሥራ የሚሆነኝ የቱ ነው?

አዲሱን ይያዙ። አሮጌው ፍሪሲዮኑ ከበድ ይላል፣ ኤርባግ የለውም። በዓለም ገና መጨናነቅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ሲቆም ሙቀቱ ይወጣል። በእኛ ከፍታ ክፍት ድስት ላይ ያለ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። አሮጌው ሞተር በጤናው ሲሠራ ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ብቻ ነው። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ሞተሩ ምንም ሳይበላሽ ውሃው ይፈላል፤ ብዙ ሰው ግን ቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ተቃጠለ ብሎ ሞተር ያስፈታል። ከሁሉ በፊት ክዳኑን ይቀይሩ፤ ቀጥሎ የማራገቢያው የሙቀት ማብሪያ መሥራቱን ይዩ።

አሮጌው እዚህ ሲመጣ ለምን ይደክማል? አዲሱስ ለምን እንደዚያ አይሆንም?

አዲስ አበባ በአማካይ 2,355 ሜትር ላይ ናት፤ እንጦጦን ተሻግሮ ያለው የሱሉልታ ሜዳም ከዚያ ከፍ ይላል። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። አየር በራሱ የሚስብ ሞተር ባገኘው አየር ልክ ይሠራልና ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። የ90 ፈረሱ ሞተር እዚህ ወደ 70 ይወርዳል፤ ይህም በትክክል ሲስተካከል ነው። ካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ቤንዚኑን እንደ ቱሪን ስለሚያፈስ ድብልቁ ከ10 በመቶ በላይ ይወፍራል። ጥቁር ጭስ፣ የጠቆረ ካንዴላ (ብልጭታ የሚሰጠው ዕቃ) እና የነዳጅ ብክነት ከዚህ ይመጣሉ።

አዲሱ ሁለት መድኃኒት አለው። ቱርቦው አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ ከባሕር ዳርቻው አንጻር ከጎደለው አብዛኛውን ይተካል። ኮምፒውተሩ ደግሞ የአየሩን ግፊትና በጭስ ማውጫው ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን እያነበበ ቤንዚኑን ይመጥናል። ይህ ያለ ዋጋ አይገኝም። ቱርቦው ያንኑ ግፊት ለማምጣት እዚህ በበለጠ ፍጥነት መዞር አለበት፤ ስለዚህ ከ2,000 ዙር በታች ሲረግጡት ከባሕር ዳርቻው ይልቅ ይዘገያል፣ ዘይቱም የበለጠ ይሞቃል። ከእንጦጦ ዳገት በኋላ ወዲያው ከማጥፋት አንድ ደቂቃ ያህል በዝግታ እንዲዞር ይተዉት።

ካርቡራተሩን ለዚህ ከፍታ እንዴት ላስተካክለው?

ከካርቡራተሩ አይጀምሩ። የፑንቲናው (ብልጭታው እንዲነሣ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው ዕቃ) ክፍተት 0.40 ሚሊ ሜትር፣ የካንዴላው 0.6 እስከ 0.7 መሆኑን ያረጋግጡ። ቫልቩ በቀዝቃዛ ሞተር ይለካል፤ በተለመደው መመሪያ የመግቢያው 0.45፣ የመውጫው 0.50 ነው፤ የእርስዎን ሞተር መመሪያ ግን ያመሳክሩ። በዚህ ሞተር ላይ ቫልቭ በጠመንጃ መፍቻ አይስተካከልም። ካምሹ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) የሚረግጠው ትንሽ ክብ የብረት ሳህን አለ፤ ውፍረቱ በሚሊ ሜትር ከሥሩ ተጽፏል። ለምሳሌ ክፍተቱ 0.45 መሆን ሲገባው 0.35 ከተለካ፣ ያለው ሳህን 4.00 ከሆነ 3.90 ያስፈልጋል። የተጻፈበት ፊት ወደ ታች ይገባል፤ ወደ ላይ ከሆነ ካምሹ ቁጥሩን ፍቆ ያጠፋዋል።

አሁን ወደ ካርቡራተሩ። በዌበር (የአሮጌው ካርቡራተር ስም ነው) ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባት ትንሽ የነሐስ ጄት ላይ ቁጥር አለ፤ 135 ማለት ቀዳዳው 1.35 ሚሊ ሜትር ነው። ያንን ቁጥር በ0.94 ያባዙ። 135 ወደ 127 ይመጣል፤ ጄት በአምስት በአምስት ስለሚሸጥ 125 ወይም 130 ይገዛሉ። አልፎ አልፎ ወደ አዳማ የሚወርድ ሰው 130 ይግጠም፤ ከሱሉልታ የማይወጣ ሰው 125 ይሻለዋል። የነበረውን ጄት በፖስታ አድርገው ከመኪናው አይለዩት። እስከ አዳማ፣ ማለትም እስከ 1,600 ሜትር ገደማ፣ ችግር የለውም፤ ወደ አዋሽና ከዚያ በታች ሲወርዱ ግን ድብልቁ ይሳሳና ቫልቭ ያቃጥላል፤ ያን ጊዜ የድሮው ይመለሳል።

አንዳንድ ጋራዥ ጄቱን በእርሳስ ደፍኖ በመርፌ ይበሳዋል። ይህን እንዲያደርጉ አይፍቀዱ። ጄት የሚለካው በቀዳዳው ስፋት ብቻ ሳይሆን በአገባቡና በልስላሴውም ነው፤ በእጅ የተበሳ ጄት ዛሬ የሠራ መስሎ ነገ ይለወጣል። በሽቦ መጥረግም ያው ነው፤ በካርቡራተር ማጠቢያና በአየር ብቻ ይጸዳል።

የስራ ፈት ዙሩ በሞቀ ሞተር ይስተካከላል። የድብልቁን ብሎን በቀስታ እስኪቆም ያስገቡት፣ ሳያጠብቁ አንድ ተኩል ዙር ይመልሱ፣ ዙሩን ወደ 850 ያምጡ። ከዚያ ሞተሩ ከፍተኛውን ዙር እስኪሰጥ ድረስ ያዙሩት፤ መውረድ ሲጀምር ወደ ከፍተኛው መልሰው እዚያው ይተዉት። የእሳቱን ጊዜ ከመመሪያው 3 ወይም 4 ዲግሪ ማስቀደም ይቻላል፤ በሳሳ አየር ውስጥ እሳቱ ቀስ ብሎ ስለሚዛመት ያንን ይፈልጋል። ፍርዱን የሚሰጠው ዳገት ነው። እንጦጦን በሦስተኛ ማርሽ ሙሉ ረግጠው ይውጡ፣ ጫፉ ላይ ሞተሩን ያጥፉ፣ ጥግ ይያዙና ካንዴላ ይፍቱ። ጥላሸት ካለ ወፍራም ነው፤ ነጭ ከሆነ ሳስቷል፤ ቡናማ ከሆነ ደርሷል።

የላዳ መለዋወጫ ይሆነዋል?

ጥያቄው ትክክለኛ ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ1970 በቶልያቲ መመረት የጀመረው ላዳ የተወለደው ከፊያት 124 የቤት መኪና ነው፤ ከተማችንን ለዘመናት ያመላለሱት ሰማያዊና ነጭ ታክሲዎችም የዚያ ዘር ናቸው። በዚህ የተነሳ የላዳ መካኒክ የስፓይደርን የፊት እግር ሲያይ አይደነግጥም፤ ይህ ራሱ ትልቅ ሀብት ነው። የቸርኬው ብሎን አቀማመጥ አንድ ነው፣ አራት ብሎን በ98 ሚሊ ሜትር። የ13 ኢንች ጎማም በላዳ ምክንያት ይገኛል።

ሞተሩ ላይ ሲደርስ ዝምድናው ያበቃል። የላዳው አንድ ካምሽ ያለውና በሰንሰለት የሚዞር ነው፤ የስፓይደሩ ሁለት ካምሽ ያለውና በቺንጋ (በጎማ ቀበቶ) የሚዞር ነው። የኋላ ፍሬኑም ይለያል፤ ላዳው ከበሮ፣ ስፓይደሩ ዲስክ ነው። የእግሩ ትንንሽ ጎማዎችና መገጣጠሚያዎች ሲያዩዋቸው አንድ ይመስላሉ፤ ሩሲያውያኑ ግን ለክፉ መንገድ ሲሉ ብዙ ነገር አጠናክረው ለውጠዋል። የድሮውን ፈትተው ይዘው ይሂዱ፤ በካሊፐር ዲያሜትሩን፣ ርዝመቱንና የጥርሱን ልክ ሳይለኩ ገንዘብ አይክፈሉ።

የሰፈራችን መንገድ ኮብልስቶንና ጭቃ ነው። የትኛው ይችለዋል?

ሁለቱም ዝቅ ያሉ ናቸው፤ በሰንዳፋና በሱሉልታ ጥቁር አፈር ላይ በክረምት የሚመከር አንዳቸውም የለም። በኮብልስቶንና በጉድጓድ ላይ ግን አሮጌው ይሻላል። ምክንያቱ ጎማው ነው። 165/80 የሆነው የ13 ኢንች ጎማ ከቸርኬው እስከ አስፋልቱ 132 ሚሊ ሜትር ጎማ አለው። የአዲሱ 205/45 ባለ 17 ኢንች 92 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ አንድ ስለታም ጉድጓድ ቸርኬ ለማጣመም ይበቃዋል። አዲሱን ከያዙ ባለ 16 ኢንቹን፣ 195/50ውን ይምረጡ።

የአሮጌው ደካማ ቦታ የሞተሩ ዘይት ማጠራቀሚያ ነው፤ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሏል። የ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ መከላከያ ያስሠሩለት፤ ዘይት ማፍሰሻውና አየር ማስገቢያው እንዳይደፈኑ ቀዳዳ ይተዉ።

ቤንዚንና ዘይትስ?

አሮጌው በዚህ ረገድ አያስቸግርም። ከፍታው ሞተሩ ውስጥ ያለውን ግፊት ስለሚቀንስ ዝቅ ያለ ኦክቴንም ሳያንኳኳ ያቃጥላል። ቴስታታው አልሙኒየም፣ የቫልቭ መቀመጫዎቹ ለብቻ የተገጠሙ ጠንካራ ብረት ስለሆኑ እርሳስ የሌለው ቤንዚን አይጎዳቸውም። የሚጎዳው የድሮ የጎማ ቱቦ ነው፤ ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ያለሰልሰዋል፣ ይሰነጥቀዋል፣ ከዚያ እሳት ይከተላል። ቱቦዎቹን በሙሉ ኢታኖል በሚችል ዓይነት ይቀይሩ፤ የእሳት ማጥፊያም ከወንበሩ ሥር ይኑር።

አዲሱ የከፍታውን እፎይታ ያን ያህል አያገኝም፤ ቱርቦው ግፊቱን መልሶ ያመጣዋልና። በበርሜል የተቀመጠ ቤንዚን አይቅዱለት። ዘይቱ ላይ ደግሞ ፈጽሞ አይቆጥቡ። መልቲኤር የመግቢያ ቫልቮቹን የሚከፍተው በዘይት ግፊት ነው፤ ዘይቱ ከቆሸሸ ወይም ውፍረቱ ከተለወጠ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ክፍሉም ሲሞት እንደ አንድ ሙሉ ዕቃ ነው የሚለወጠው። ሙሉ ሲንተቲክ 5ደብሊው-40 ያድርጉ፤ በአቧራማ መንገድ የሚነዳ ከሆነ መመሪያው ከሚለው በፊት ይቀይሩት።

ከእንጦጦ ስወርድ ፍሬኑ ይከብደኛል። ተበላሽቶ ነው?

ላይሆን ይችላል። የፍሬን ማገዣው የሚሠራው በውጭው አየርና በሞተሩ መሳብ መካከል ባለው የግፊት ልዩነት ነው። የውጭው አየር ሩቡን ካጣ እገዛውም ይቀንሳል፤ እግርዎ የጎደለውን ይሞላል። ይህ በሁለቱም መኪኖች ላይ አለ፤ አዲሱ ኤቢኤስ አለውና ጎማ አይቆልፍም፣ አሮጌው ግን በእርጥብ አስፋልት ላይ ይንሸራተታል። ፔዳሉ ከባድ ሆኖ ጠንካራ ከሆነ ከፍታው ወይም የማገዣው ቱቦ ነው። ለስላሳ ሆኖ እየሰመጠ ከሄደ ግን አየር ገብቷል ወይም የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል፤ ያን ጊዜ መንዳት ያቁሙ። ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ በዶት 4 ይቀየር፤ ቁልቁለቱንም በሦስተኛ ወይም በሁለተኛ ማርሽ ይውረዱ።

ከውጭ ማስገባት ይቻላል?

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል። ስለዚህ ምርጫው አገር ውስጥ ካለው ነው።

ልገዛ ስሄድ ምን ልይ?

ከሊብሬው ይጀምሩ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከብረቱ ጋር ቃል በቃል ይመሳከር፤ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ከመንገድ ትራንስፖርት ያጣሩ። በውክልና ብቻ ሲተላለፍ የኖረ መኪና ካጋጠመዎት ባለቤቱ ሳይቀርብ አይክፈሉ።

በአሮጌው ዋናው ጠላት ዝገት ነው። ማግኔት በቀጭን ጨርቅ ጠቅልለው በበሩ ሥር ባለው ወገብ፣ በወለሉ፣ በኋላ እግር ማሰሪያና ከፊት የአሞርዛተሩ ጫፍ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ይሞክሩ። ማግኔቱ ካልያዘ ከሥሩ ስቱኮ (የቀዳዳ መሙያ) አለ። የመጨረሻው ቦታ በጣም ከባዱ ነው፤ እዚያ ከበላ የፊት እግሩ አቅጣጫ ይሳታል፣ ጥገናውም ከቀለም በላይ ነው። የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ በጽሑፍ የሚያሳይ ከሌለ ገዝተው ከመንዳትዎ በፊት ይቀይሩት፤ ሲበጠስ ቫልቭና ፒስተን ሊጋጩ ይችላሉ። ትንሽ ቢነዳም በየሦስት ዓመቱ ይቀየር። ሁለተኛ ማርሽ በቀዝቃዛው ሲገባ ከጮኸ ካምቢዮው አርጅቷል።

በአዲሱ ላይ ማግኔት ብዙ አይረዳም፤ ኮምፒውተር ያስነብቡ። ሞተሩ የፊያት፣ ሌላው የማዝዳ ስለሆነ ሁለቱንም የሚያነብ ማሽን ያለው ጋራዥ ይፈልጉ። የኤርባጉ መብራት ቁልፍ ሲከፈት በርቶ መጥፋት አለበት፤ ጭራሹን ካልበራ አንድ ሰው አምፖሉን ደብቆታል።

አሮጌው ላይ ዘመናዊ ኢንጀክሽን ባስገጥም ሁለቱንም አላገኝም?

ከፍታውን በራሱ የሚያስተካክል አሮጌ መኪና መመኘት ተገቢ ነው፤ ፊያት ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ባለ 2 ሊትሩን በቦሽ ኢንጀክሽን ሠርቶታል። የሚያስከፍለውን ግን ይወቁ። ከፍተኛ ግፊት ያለው ፓምፕ፣ ወደ ሳልባትዮው (የነዳጅ ታንኩ) የሚመለስ መስመር፣ በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) ላይ የኦክስጅን ሴንሰር፣ ቋሚ የኤሌክትሪክ ኃይልና በኮምፒውተር የሚያስተካክል ባለሙያ ይጠይቃል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ በደንብ ከተስተካከለ ዌበር የባሰ ይነዳል። ከዚያ በፊት ፑንቲናውን በኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን ይተኩ፤ በትንሽ ወጪ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው እሱ ነው። ሙሉ ሞተር መቀየር ደግሞ የሊብሬውን የሞተር ቁጥር ስለሚነካ ፈቃዱ ሳያልቅ ብሎን አይፈታም፤ አለበለዚያ በዓመታዊ ምርመራው ቦሎ ይከለከላል።

ቢሾፍቱ ቡና ልጠጣ ቆሜ ስመለስ አሮጌው አይነሣም፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይነሣል። ምንድን ነው?

ከሁለት አንዱ ነው፤ መለየት የሚቻለውም እዚያው ሳለ ብቻ ነው። የአየር ማጣሪያውን ክዳን ይክፈቱ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የነዳጅ ማንሻውን በእጅ ይሳቡና ወደ ካርቡራተሩ ጉሮሮ ይመልከቱ። ቀጭን የቤንዚን ክር ካልተረጨ ቤንዚኑ ተንኗል። ሜካኒካል ፓምፑ ከጋለው ሞተር ጋር ተጣብቆ ተቀምጧል፤ መኪናው ሲቆም አየር አይነፍስበትም፣ በከፍታ ደግሞ ቤንዚን ቶሎ ይፈላል። ለጊዜው ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ ይጣሉበት።

ለዘለቄታው ቱቦውን ከማርሚታው ራስ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ያርቁ፣ በካርቡራተሩ ሥር ሙቀት የማያስተላልፍ ወፍራም ማስቀመጫ ያስገቡ። ይህ ካልበቃ ሳልባትዮው አጠገብ 0.2 እስከ 0.3 ባር የሚሰጥ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ይግጠሙ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ የካርቡራተሩን መርፌ አሸንፎ ቤንዚን ያፈስሳል። ፓምፑ ሞተሩ ሲቆም በራሱ የሚጠፋበት ሪሌይም ይኑረው።

ክሩ በደንብ ከተረጨ ግን ነዳጁን ይተዉና አንድ ካንዴላ ፈትተው ብረት ላይ አስነክተው ሞተሩን ያስዞሩ፤ የፈሰሰ ቤንዚን አጠገብ አያድርጉት። ብልጭታው ቢጫና ቀጭን ከሆነ ሲሞቅ የሚከዳው ቦቢናው (የብልጭታውን ኃይል የሚያመነጨው) ወይም ኮንደንሰሩ (ከፑንቲናው ጋር የተያያዘው ትንሽ ዕቃ) ነው። ኮንደንሰሩ ርካሽ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ይቀይሩ።